የሻማው ጥያቄ

ሰው ሲያጨበጭብልኝ እጄን የት እንደማስቀምጥ ይጠፋኛል። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ስምንት መምህራን ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። ተማሪን ከሽምደዳ አውጥቶ በራሱ ጭንቅላት እንዲያስብ ማድረግ እንዴት እንደሚቻል በሻማ፣ በሳህንና በብርጭቆ አሳይቻቸው ነበር። አንዷ ወጣት መምህርት እንዲያውም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ይህን ዘዴ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ከረጅም ልምድ ነው አልኳት። ውሸቴን ነው። ያገኘሁት ከእህቴ ልጅ ነው፤ ውለታዋን እንዴት አድርጌ እንደመለስኩላት ደግሞ በሥልጠናው ላይ አልናገርም።

ሳይንስ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስምንት ዓመታት ያስተማርኩት በማስገልበጥ ነው። ክፍል እገባለሁ፣ ጠመኔ አነሣለሁ፣ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እሞላለሁ፤ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ድምፅ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ርእሰ መምህሩ በመስኮት ሲያልፍ ዝምታውን ሰምቶ በኩራት ራሱን ይነቀንቃል። ያን ጊዜ ጎበዝ መምህር ማለት ክፍሉ ጸጥ የሚልለት ነው፤ እኔም በዚህ ማንንም አላስቀድምም ነበር።

ማስታወሻዬን በእጅ ጽሑፌ አዘጋጅቼ በሰማያዊ ልባስ አስጠርዤው ነበር። መጀመሪያ የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት አበዛው፤ ከዚያ ሌላ ትምህርት ቤት ወሰደው፤ በኋላ አንዱ በኮምፒውተር ተየበውና ስሜ በዚያው ወድቆ ቀረ። ዛሬ «ሰማያዊው» ይሉታል። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ የማያጠናው ተማሪ ግን የለም። እንደ ውሃ ይጠጡታል። በሰማያዊው ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ሳህን ውሃ ውስጥ የቆመ የበራ ሻማ ላይ ብርጭቆ ሲደፋ ውሃው ወደ ብርጭቆው የሚወጣው እሳቱ ኦክስጅኑን ስለሚጨርስና ውሃው የኦክስጅኑን ቦታ ስለሚይዝ ነው ይላል። እኔም እንዲያ ተምሬ፣ እንዲያ ጻፍኩ፤ እንዲያ አስተማርኩ። በዚያው ሰሞን የፈተና ጥያቄ የሚያወጡ መምህራን ተመርጠን ስለነበር ይችኑ ነገር በአራት አማራጭ ከሽኜ ለፈተና ቢሮው አስገባሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

የእህቴን ልጅ ክፍል ውስጥ «ጠበቃዋ» ይሏታል። ነገር አትለቅም። አባቷ ገና በሕፃንነቷ ነው የሞተው፤ እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ የሐኪም ጋዋን የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ በስፌት መኪና ሰፊ ናት። እጅጌው ተጣሞ የተጣለ አንድ ነጭ ጋዋን አምጥታ፣ ፈትታ ዳግም ሰፍታ፣ በሩ ኋላ ሰቅላዋለች። ለማን እንደሆነ ተናግራ አታውቅም፤ መናገርም አያስፈልጋትም። ከቤቴ ሁለት በር አልፎ ስለሚኖሩ ጠበቃዋ የምታጠናው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ጋሼ ትለኛለች፤ ክፍል ውስጥ ቲቸር።

ዘጠነኛ ክፍል ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ተማሪ በሆነችበት ዓመት ያችኑ የሻማ ነገር ሰሌዳው ላይ ሞልቼ ስዞር እጇን አወጣች። በሦስት ሻማ ብንሞክረውስ አለችኝ። ምን ይጨምርልሻል አልኳት፤ ደወሉ ሊደወል ነው። እሷ ግን ቆማ ቀረች። «ብርጭቆው ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅንም ያው ነው። ኦክስጅኑ ከሆነ ውሃውን የሚያወጣው በሦስትም በአንድም እኩል መውጣት አለበት» አለች። ከኋላ የተቀመጡት መሳቅ ጀመሩ። እኔም ላስቅባት ብዬ ሦስት ሻማ ለኮስኩ።

ውሃው ብርጭቆውን አጋመሰው። በየዓመቱ በአንድ ሻማ ሳሳይ የሚወጣው ሁለት ጣት አይሞላም ነበር። ይባስ ብላ ደግሞ፣ ውሃው እሳቱ እየነደደ ሳለ እንደማይወጣ፣ ዘልሎ የሚወጣው ከጠፋ በኋላ መሆኑን ለክፍሉ አሳየች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይኔ እያየ አላየሁትም። ደወሉ አዳነኝ። ከትምህርት በኋላ ቤቴ ገብቼ ሻማዬ እስኪያልቅ ደጋገምኩት፤ ነገሩ እሷ እንዳለችው ነው። እሳቱ አየሩን ያሞቀዋል፣ የሞቀው አየር ተለጥጦ ያመልጣል፣ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ ውሃው የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ኦክስጅኑ ያላግባብ ሲወደስ ኖሯል።

በማግስቱ ለክፍሉ ነገርኳቸው። «መጽሐፉ ተሳስቷል» አልኩ። ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው እኔ የሚል ቃል አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲያ ግን የማስተማሬን ነገር መቀየሬ እውነት ነው፤ ይህንን ማንም አይነጥቀኝም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ብጣሽ ወረቀት አድላለሁ። ሦስት መስመር አለው፦ ግምት፣ ምክንያት፣ የሆነው። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሆን ይጽፋሉ፤ ለምን እንደሆነም ይጽፋሉ። ከዚያ ወረቀታቸውን አጥፈው፣ ከነሱ የተለየ ግምት ያለውን ጓደኛ ፈልገው ይሟገታሉ። ከሙግቱ በኋላ ሙከራው ይታያል፤ ወረቀቱ ይከፈታል፤ ሦስተኛው መስመር ይሞላል። ከግርጌ እኔ እፈርማለሁ። ግምቱ ቢሳሳትም ምክንያቱ የታሰበበት ከሆነ እፈርማለሁ፤ ግምቱ ትክክል ሆኖ ምክንያት ከሌለው አልፈርምም። ሌላም ሕግ አለን፤ አንድ ጊዜ የሆነን ነገር ሦስት ጊዜ ሳንሞክር አናምንም። ክፍሌ ገበያ መሰለ። ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ አካባቢ በመስኮት ሲያልፍ ፊቱን ያጠቁር ነበር፤ ምዕራፍ እየቀረ ነው፣ ሌሎቹ ክፍሎች ሰማያዊውን ጨርሰው ከልሰዋል ይለኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ልጆቹ ማሰብ ጀምረው ነበር፤ ይህ ደግሞ አንዴ ከቀመሱት የማይለቅ ነገር ነው።

ያችን የፈተና ጥያቄ ግን ሄጄ ማስነሣት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል አራት ዓመት አለፈ። እስካሁን ጥለዋት ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አልጣሏትም።

ዘንድሮ ጠበቃዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተነች። ከፈተናው እንደወጣች ወደኔ መጥታ ስትስቅ ትዝ ይለኛል፤ የሻማው ጥያቄ እኮ መጣ ጋሼ፣ ሰተት ብሎ መጣ አለችኝ። እኔም ሳቅኩ፤ የቱን እንደመረጠች ግን አልጠየቅኳትም። ውጤቱ ሲወጣ ለሕክምና ትምህርት ከተቆረጠው ነጥብ በአንድ ጎደለች። እህቴ አልጮኸችም፤ ሌሎች ልጆች አንሰው ገብተው እንደሆነ ብቻ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አልገቡም አልኳት። ከዚያ ተነሥታ ምንም ያልጎደለውን የጋዋኑን ቁልፍ ስታጠብቅ ዋለች።

ለቅሬታ የተሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ነው። ጥያቄውና መልሱ ለየትምህርት ቤቱ ስለሚላክ ጠበቃዋ ከርእሰ መምህሩ ተቀብላ እኔ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ለቀመችው። በአራተኛው ቀን፣ የሳይንስ ፈተናውን ስምንት ጥያቄ እንደሳተች፣ ሰባቱን በገዛ ጥፋቷ እንደሆነ ነገረችኝ። አንዱን ግን አልተሳሳትኩም አለች። የቱን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። አንዲት ልጅ መብራት ቢጠፋባት ሳህን ውሃ ውስጥ ሻማ አቁማ በብርጭቆ ደፋችበት፣ ይልና ውሃው ለምን ወጣ ብሎ ይጠይቃል። ቃል በቃል የኔ ነው። መብራት የጠፋባት ልጅ የኔ ፈጠራ ናት፤ ያን ጊዜ ለጥያቄው ሕይወት ሰጠሁት ብዬ ኮርቼባታለሁ። ሀ፣ ውሃው የተቃጠለውን ኦክስጅን ቦታ ስለሚይዝ። ለ፣ የሞቀው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር። መልሱ ሀ ነው ይላል። ለ የተባለችውን የጻፍኳት ሰነፍ ተማሪ እንድታሳስት ብዬ ነበር።

«እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን አውጥቶት ይሆን ጋሼ?» አለችኝ።

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። ብዙ ሰው ነው የሚያወጣው፣ ማን ያውቀዋል አልኳት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቅሬታዋን ይዤ ወደ ፈተና ቢሮው ስነሣ፣ ሁለት ሻማ፣ ሦስት ሻማ እያለች ቦርሳዬን ራሷ አዘጋጀችልኝ። ሳህኑን በፎጣ ጠቀለለችው። ስንወጣ እንደ ዘበት፣ ጥያቄ አውጪውን ቢያገኙት ምን ይሉታል ብላ ጠየቀችኝ። ታክሲው እንዳያመልጠኝ ብዬ ቶሎ ቶሎ ተራመድኩ። የግቢው በር ላይ ደርሳብኝ አንድ የታጠፈ ብጣሽ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ፤ እንደ ክፍላችን ሕግ ከሙከራው በኋላ ይክፈቱት አለች። በዚያው ኪስ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበር። ከፈተና ቢሮው በላይ ካለው መሥሪያ ቤት የመጣ፣ በአዲሱ የማስተማር ዘዴ ዋና አሠልጣኝ ሆኜ መመረጤን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ከደረሰኝ ሳምንቱ ነው፤ ሰው ባየሁ ቁጥር ኪሴን ስዳብስ ሰንብቻለሁ።

ቅሬታ የምትሰማው ሴትዮ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እንደ ደንቡ አስቀመጠችኝ፣ እንደ ደንቡ አዳመጠችኝ። ኮምፒውተሯን ጎርጎር አድርጋ ጥያቄው ጤነኛ እንደሆነ ነገረችኝ። ጎበዝ የተባሉት ተማሪዎች በብዛት ሀን መርጠዋል፤ ጎበዞች የመረጡት ደግሞ መልስ ነው። ጎበዞቹ ሰማያዊውን ሸምድደው እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ሰማያዊውን ማን ጻፈው ብትለኝስ ብዬ ዘጋሁት።

ስለዚህ ቦርሳዬን ፈታሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ሳህኑን አስቀምጬ ከመጠጫ ውሃዋ ቀዳሁበት። መጀመሪያ በአንድ ሻማ፣ ቀጥዬ በሦስት። ከመድፋቴ በፊት ምን የሚሆን ይመስልዎታል አልኳት፤ እኩል ይወጣል አለች፤ እሷም ሰማያዊውን ያጠናች ሳትሆን አትቀርም። ውሃው ብርጭቆውን ሲያጋምሰው መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አንድ ጊዜ ይድገሙት አለችኝ፤ ደገምኩት። ሦስተኛውን ራሷ ደፋችው። ያን ጊዜ እንደ ልጅ ነው የሳቀችው።

«አየሁ፤ እውነትዎን ነው» አለች። «ግን ያየሁትን ፋይል ላይ ማያያዝ አልችልም።»

ምን ይሻላል አልኳት። ጥያቄ የሚሰረዘው በሁለት መንገድ ነው አለችኝ። አንደኛው በኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚመጣው ዓመት ነው፤ ያለፈ ውጤት አይነካም። ሁለተኛው፣ ጥያቄውን ያወጣው ሰው ራሱ መጥቶ ተሳስቻለሁ ብሎ ከፈረመ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ወዲያው ይሰረዛል፤ ለን የመረጡ ሁሉ ነጥባቸው ይመለስላቸዋል።

«አሥራ ሦስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ» አለች። «የፈረመ ሰው ግን አላየሁም።»

የጥያቄ አውጪዎች ስም ታሽጎ የተቀመጠ በመሆኑ እሷም እንደማታውቀው፣ እሷ ዘንድ ያለው ቁጥር ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ቀጥላ፣ ሆን ብላ ሳይሆን ለራሷ እንደምታነብ ያህል፣ ጥያቄው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ እንደወጣ አነበበች። አራት ፈተና ነው። እያንዳንዱ ፈተና ላይ በአንድ ነጥብ የሚወድቅ ስንት ልጅ እንዳለ አላነበበችም፤ እኔ ግን ቤቷ በር ኋላ የተሰቀለ ነገር ያላት ልጅ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቀነች። ፈረምኩ ማለት ያን ሁሉ ፈረምኩ ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ደብዳቤው ታሰበኝ። የማሰብ ዘዴ አሠልጣኙ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ሲያሳስት ኖሯል የሚል ወሬ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰማሁት።

«ጥያቄውን ያወጣውን ሰው ያውቁታል?» አለችኝ። «ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቢመጣ እኔ እዚሁ ነኝ። አልወጣም።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ አላውቀውም አልኳት።

ሳህኔን ጠርጋ በፎጣው ጠቅልላ ሰጠችኝ። በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ ተማሪዎችዎ እንደ እርስዎ ያለ መምህር በማግኘታቸው ዕድለኞች ናቸው ለማለት ስትዳዳ አይቼ ቶሎ ወጣሁ።

እህቴ ቤት ስደርስ ገና አሥር ሰዓት ነው። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እምቢ አሉ አልኩ። ሴትዮዋ ራሷ እንዳመነች፣ ግን ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚመጣው ዓመት እንደሆነ ተናገርኩ። ሁለተኛውን መንገድ ዘለልኩት። እህቴ ከንፈሯን መጠጠች፤ አንተ ምን ታደርግ ወንድሜ፣ የተቻለህን አደረግህ አለችኝና ሻይ ልትጥድ ወደ ጓዳ ገባች።

«ወረቀቱን ከፈቱት?» አለች ጠበቃዋ።

ረስቼው ነበር። ከደብዳቤው ጋር ተጣብቆ ወጣ። ከፈትኩት።

ግምት፦ ጥያቄው አይሰረዝም።

ምክንያት፦ ያወጡት ጋሼ ናቸው። አይናገሩም።

ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። ከአፌ የወጣው ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ነው፤ በምን አወቅሽ አልኳት።

በእጄ የጻፍኩትን ዋናውን ሰማያዊ ከመደርደሪያዬ ላይ ማንሣቷን ነገረችኝ። ከመጨረሻው ገጽ ኋላ ጥያቄው በእጅ ጽሑፌ፣ ከነ አራት አማራጩ፣ ከነ መብራት የጠፋባት ልጅ ተቀምጧል። የቅሬታ ደንቡንም ከርእሰ መምህሩ ቢሮ አንብባዋለች፤ ያወጣው ሰው ከፈረመ እንደሚሰረዝ ከኔ በፊት ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ እናቷ እንዳትሰማ።

«እንደማልናገርስ?»

«ሦስት ጊዜ ሞከርኩ» አለች። «ያኔ ዘጠነኛ ክፍል፣ መጽሐፉ ተሳስቷል አሉን። ትናንት ማን አወጣው ብዬ ጠየቅኩዎት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በሩ ላይ።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። እኔም አየሁት። አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል። ቢሮው በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሴትዮዋም አልወጣም ብላለች። ጠበቃዋ አልለመነችኝም። ሙከራው ገና አላለቀም ብላ የምትጠብቅ ይመስል እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

እህቴ ሻዩን አመጣች። ትኩስ ስለነበር ቀስ ብዬ ጠጣሁት። ሁለተኛም ቀዳችልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። ስለ ፋብሪካው አወራችን፤ ልጇ በሚመጣው ዓመት ዳግም እንደምትፈተንና ያን ጊዜ እንደሚቀና አወራችን። ሁለት ጊዜ ልነሣ አስቤ ጉልበቴን ተደገፍኩ። ሁለቱንም ጊዜ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ኮሽ አለ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም ፈልጌለት አጥቻለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጎረቤት ራዲዮ ዜና ጀመረ።

ጠበቃዋ ከፊቴ ወረቀቱን ወስዳ በሦስተኛው መስመር ላይ ጻፈችበት።

የሆነው፦ እንደተገመተው።

እናቷ ምንድን ነው ብላ አንገቷን አሰገገች። የክፍል ልማዳችን ነው እማ አለቻት፤ ወረቀቱንም እጇን ጣል አድርጋ ሸፈነችልኝ። እህቴ ፈገግ ብላ፣ አጎትሽን አመስግኚው እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ላንቺ ሲል ደክሞ ነው የዋለው አለች።

«አመሰግናለሁ ጋሼ» አለችኝ። ቀጥላ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገችና እስክሪብቶዋን አጠገቡ አስቀመጠች። «መምህሩ መፈረም አለበት» አለች።

ፈረምኩ።